የደም ጠቋሚዎች በሩማቶይድ አርትራይተስ፦ ቁጥሩ ምን ይላል? ምንስ አይልም?

ሁለት ሰዎችን በሐሳባችን እንሣል። አንደኛዋ የሃያ ስምንት ዓመት ልብስ ሰፊ ናት። ከሁለት ወር ወዲህ ጧት ስትነሣ የሁለቱም እጆቿ ጣቶች ስለሚገተሩ መርፌ ለመያዝ እስከ ረፋድ መጠበቅ ግድ ሆኖባታል። የጣቶቿ መገጣጠሚያዎችም አብጠዋል። ደሟ ተመርምሮ የተሰጣት ወረቀት ግን «ሩማቶይድ ፋክተር፦ ኔጌቲቭ» ይላል። ሁለተኛው የስድሳ አምስት ዓመት አዛውንት ናቸው። ረጅም መንገድ ሲሄዱ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ዐረፍ ሲሉ ይሻላቸዋል፤ ያበጠ መገጣጠሚያ የላቸውም። የእርሳቸው ወረቀት «ሩማቶይድ ፋክተር፦ ፖዘቲቭ» ይላል።

እርሷ «በሽታ የለብሽም» ተብላ ወደ ቤቷ ብትመለስ፣ እርሳቸው ደግሞ «ሩማቶይድ አርትራይተስ ይዞዎታል» ተብለው ጠንካራ መድኃኒት ቢታዘዝላቸው ሁለቱም ውሳኔዎች ስሕተት ሊሆኑ ይችላሉ። ቤተ ሙከራው ግን አልተሳሳተም። ስሕተቱ የሚመጣው ቁጥሩ ያልተናገረውን እንደ ተናገረ አድርጎ ከማንበብ ነው።

በዚህ ጽሑፍ በሩማቶይድ አርትራይተስ ምርመራ ውስጥ ዋና ቦታ ያላቸውን አራት የደም ጠቋሚዎች አንድ በአንድ እንመለከታለን። ስለ እያንዳንዳቸውም ሦስት ጥያቄዎችን እናነሣለን፦ ከየት ይመነጫል? ምን ይለካል? መቼስ ያሳስታል?

በአንድ ስም ሥር የተሰበሰቡ በሽታዎች

በአገራችን መገጣጠሚያን የሚያሳምም ሕመም ሁሉ በአብዛኛው «ሪህ» ወይም «ቁርጥማት» እየተባለ ይጠራል። በአውሮፓም ለብዙ ዘመናት የነበረው ልማድ ከዚህ ብዙም የራቀ አልነበረም። ፈረንሳዊው ሐኪም ላንድሬ-ቦቬ እ.ኤ.አ. በ1800 ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ ከተለመደው የሪህ ዓይነት የሚለይ የመገጣጠሚያ ሕመም መኖሩን ገለጸ። ሁለቱን በደም ምርመራ ለመለየት መንገድ የከፈተው ግን እንግሊዛዊው ሐኪም አልፍሬድ ጋሮድ ነው። ጋሮድ እ.ኤ.አ. በ1848 በሪህ (በጋውት) በሽተኞች ደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ የተባለው ንጥረ ነገር ከመጠን በላይ እንደሚገኝ አሳየ። ቆይቶም ከበሽተኛው በተወሰደ ሴረም ላይ አሲድ ጨምሮ ክር በመንከር፣ በክሩ ላይ የዩሪክ አሲድ ቅንጣቶች መከማቸታቸውን የሚያይበት ቀላል ዘዴ ፈጠረ። ዩሪክ አሲድ ያልበዛበትን ሌላውን ሕመም እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው መጽሐፍ «ሩማቶይድ አርትራይተስ» ብሎ ሰየመው።

እንግዲህ የዚህ በሽታ ስም ራሱ የተገኘው በደም ምርመራ አማካይነት ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን የጋሮድ ምርመራ በሽታው ምን እንዳልሆነ እንጂ ምን እንደ ሆነ አልተናገረም። ያንን ለማወቅ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ መጠበቅ አስፈልጓል።

ዛሬ እንደሚታወቀው ሩማቶይድ አርትራይተስ የሰውነት በሽታ መከላከያ ሥርዓት በራሱ አካል ላይ ሲነሣ የሚከሰት ሥር የሰደደ ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2019 በመላው ዓለም 18 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከእነዚህም ከመቶ 70 ያህሉ ሴቶች ናቸው። በሽታው አዘውትሮ የሚያጠቃው የእጅና የእግር ጣቶችን ትናንሽ መገጣጠሚያዎች ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የቀኙንና የግራውን በአንድነት ይይዛል። ጧት ጧት የሚሰማው ግትርነትም ከአንድ ሰዓት በላይ ሊቆይ ይችላል።

እሳቱና ጢሱ

ጤናማ መገጣጠሚያ በውስጥ በኩል ሳይኖቪየም በሚባል ስስ ሽፋን የተለበጠ ነው። ይህ ሽፋን መገጣጠሚያውን የሚያለሰልስ ፈሳሽ ያመነጫል። በሩማቶይድ አርትራይተስ ጊዜ ልዩ ልዩ ነጭ የደም ሕዋሳት ወደዚህ ሽፋን ይጎርፋሉ፤ ሽፋኑ ይወፍራል፤ ቀስ በቀስም የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነውን ልም አጥንት፣ በመጨረሻም አጥንቱን ራሱን ይበላል። አንድ ጊዜ የተበላ አጥንት ወደ ቀድሞ መልኩ መመለሱ እጅግ አዳጋች ነው። በዚህ በሽታ ጊዜ ውድ የሆነውም ስለዚህ ነው።

በሽፋኑ ውስጥ የተከማቹት ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት ሳይቶካይን በሚባሉ ትናንሽ ፕሮቲኖች ነው። ከእነዚህም ዋና ዋናዎቹ ቲዩመር ኔክሮሲስ ፋክተር (ቲ.ኤን.ኤፍ.)፣ ኢንተርሉኪን 1 እና ኢንተርሉኪን 6 ናቸው። ኢንተርሉኪን 6 ከመገጣጠሚያው አልፎ በደም አማካይነት ጉበት ይደርሳል። ጉበትም መልእክቱን ሲቀበል የተወሰኑ ፕሮቲኖችን በብዛት ማምረት ይጀምራል።

በመሆኑም በደም ውስጥ የምንፈልጋቸው ጠቋሚዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ የብግነቱን ኃይል የሚናገሩ ናቸው፤ እንደ ጢስ ልንቆጥራቸው እንችላለን። ጢስ እሳት መኖሩን ይናገራል፤ የነደደው ቤት የማን እንደ ሆነ ግን አይናገርም። ሁለተኛዎቹ የበሽታ መከላከያው ሥርዓት በምን ላይ እንደ ተነሣ የሚያመለክቱ ፀረ እንግዳ አካላት ናቸው። እነዚህ የእሳቱን መነሻ በተመለከተ ፍንጭ ይሰጣሉ፤ እሳቱ ዛሬ ምን ያህል እንደሚነድ ግን በቅጡ አይገልጹም።

አንደኛ፦ የቀይ የደም ሕዋሳት የመዝቀጥ ፍጥነት

የተፈላ ቡና ከመቀዳቱ በፊት አተላው እስኪዘቅጥ ጀበናው ዐረፍ እንዲል ይደረጋል። ደምም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል ተጨምሮበት በቀጭን ቱቦ ቀጥ ብሎ ቢቆም ቀይ የደም ሕዋሳቱ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይዘቅጣሉ፤ ቢጫው ፕላዝማም ከላይ ይቀራል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከላይ የታየው የፕላዝማ ከፍታ በሚሊ ሜትር ተለክቶ በሐኪሞች አጠራር «ኢ.ኤስ.አር.» ተብሎ ይመዘገባል።

ፖላንዳዊው ኤድመንድ ቢየርናትስኪ እ.ኤ.አ. በ1897 ስለዚህ ክስተት ጽፏል። ስዊድናዊው ሮቢን ፎሬዩስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1918 የነፍሰ ጡር ሴቶች ደም ከሌሎች ሴቶች ደም ይልቅ ፈጥኖ እንደሚዘቅጥ አስተዋለ። የአገሩ ልጅ አልፍ ቬስተርግሬን እ.ኤ.አ. በ1921 የገለጸው የአለካክ ዘዴ እስከ ዛሬ መለኪያ ሆኖ ያገለግላል።

ፍጥነቱ የሚጨምረው ለምንድን ነው? የቀይ የደም ሕዋሳት ገጽ ኔጌቲቭ የኤሌክትሪክ ሙል አለው። ተመሳሳይ ሙሎች ስለሚገፋፉ ሕዋሳቱ ተራርቀው ይንሳፈፋሉ። ብግነት ሲኖር ግን ጉበት ፋይብሪኖጅን የተባለውን ፕሮቲን አብዝቶ ያመርታል። ይህ ፕሮቲን መገፋፋቱን ያዳክመዋል። ሕዋሳቱም በመሶብ ውስጥ እንደ ተነባበረ እንጀራ አንዱ ባንዱ ላይ ይደራረባሉ፤ ክምሩም ከነጠላው ሕዋስ ይልቅ ፈጥኖ ይወርዳል።

ምርመራው ርካሽ ነው፤ ውስብስብ መሣሪያም አይጠይቅም። ድክመቱ ግን ብዙ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ቁጥሩ ይጨምራል፤ በሴቶች ከወንዶች ይልቅ ከፍ ይላል፤ እርግዝናና የደም ማነስም ከፍ ያደርጉታል። የሳንባ ነቀርሳና ሌሎች ኢንፌክሽኖች፣ የካንሰር ዓይነቶችም እንዲሁ። በተጨማሪም ፋይብሪኖጅን ከደም ውስጥ የሚወገደው ቀስ ብሎ ስለ ሆነ ብግነቱ ከበረደ በኋላ እንኳ ቁጥሩ ለሳምንታት ከፍ ብሎ ሊቆይ ይችላል።

ሁለተኛ፦ ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን

እ.ኤ.አ. በ1930 በኒው ዮርክ ሮክፌለር ተቋም በኦስዋልድ ኤቨሪ ቤተ ሙከራ ይሠሩ የነበሩት ዊልያም ቲሌት እና ቶማስ ፍራንሲስ የሳንባ ምች በሽተኞችን ሴረም ሲመረምሩ አንድ ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው። የምቹ መንሥኤ ከሆነው ኒሞኮከስ ባክቴሪያ የተወሰደና «ሲ» የተባለ ንጥረ ነገር ከበሽተኞቹ ሴረም ጋር ሲደባለቅ ዝቃጭ ይፈጥራል። በሽተኞቹ ሲድኑ ግን ይህ ጠባይ ከሴረማቸው ይጠፋል። ቆይቶም የዚህ ምክንያት የሆነው ፕሮቲን ስሙን ከዚህ ሙከራ ወሰደ፤ በአጭሩም «ሲ.አር.ፒ.» ይባላል።

ይህን ፕሮቲን የሚያመርተው ጉበት ሲሆን ዋናው ትእዛዝ ሰጪ ኢንተርሉኪን 6 ነው። ብግነት በተነሣ በ6 ሰዓት ገደማ በደም ውስጥ መጨመር ይጀምራል፤ በ48 ሰዓት ገደማም ከፍተኛ ደረጃ ላይ ይደርሳል። ምርቱ ሲቆም በየ19 ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ከመዝቀጥ ፍጥነት ይልቅ የዛሬውን ሁኔታ ያሳያል፤ በደም ማነስም ብዙ አይናወጥም።

ይሁን እንጂ ይህም ጢስ ነው። የሳንባ ምች፣ ቁስል፣ ቀዶ ሕክምና ከፍ ያደርጉታል፤ ከመጠን ያለፈ ውፍረትም በመጠኑ ይጨምረዋል። በሌላ በኩል መገጣጠሚያቸው በግልጽ ያበጠ አንዳንድ በሽተኞች ሁለቱም የጢስ ጠቋሚዎች በጤናማው ክልል ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ። ጥቂት ትናንሽ መገጣጠሚያዎች ብቻ ሲቃጠሉ ጢሱ እስከ ጉበት ላይደርስ ይችላልና።

ሦስተኛ፦ ሩማቶይድ ፋክተር

ኖርዌያዊው ኤሪክ ቮለር በ1930ዎቹ መጨረሻ የበግ ቀይ የደም ሕዋሳትን የጥንቸል ፀረ እንግዳ አካላት ለብሰው ለምርመራ ይጠቀምባቸው ነበር። የአንድ ሩማቶይድ አርትራይተስ በሽተኛ ሴረም ሲጨመርባቸው ግን ሕዋሳቱ ባልተጠበቀ ሁኔታ ተጓጉለው አየ። ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ1940 አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1948 አሜሪካዊው ሃሪ ሮዝና ባልደረቦቹ ለብቻቸው ተመሳሳይ ግኝት ላይ ደረሱ። ምርመራውም የቮለር-ሮዝ ምርመራ ተባለ።

ሕዋሳቱን ያጓጎለው ሩማቶይድ ፋክተር የተባለው ነገር ራሱ ፀረ እንግዳ አካል ነው። የሚጣበቀው ግን በባክቴሪያ ወይም በቫይረስ ላይ ሳይሆን በሌሎች ፀረ እንግዳ አካላት ጭራ ላይ ነው። ስሙ «ፀረ እንግዳ» ይባል እንጂ የተነሣው በቤተኛው ላይ ነው።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ነገር ግን አለ። ሩማቶይድ ፋክተር ሁልጊዜ የበሽታ ምልክት አይደለም። ሰውነት ከኢንፌክሽን ጋር ለረጅም ጊዜ ሲታገል ተሕዋሲውን የያዙ የፀረ እንግዳ አካላት ክምችቶች በደም ውስጥ ይበዛሉ፤ ሩማቶይድ ፋክተርም እነዚህን አጠናክሮ በማያያዝ እንዲወገዱ ያግዛል ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ በሳንባ ነቀርሳ፣ በሥጋ ደዌ፣ በቂጥኝ፣ በሄፓታይተስ ሲ፣ በልብ የውስጥ ሽፋን ኢንፌክሽንና በካላዛር በሽተኞች ደም ውስጥም ሊገኝ ይችላል። ከዕድሜ ጋርም በጤነኞች ላይ እየጨመረ ይሄዳል። የሳንባ ነቀርሳ በብዛት በሚገኝበት፣ በሰሜን ምዕራብ ቆላማ አካባቢዎችም ካላዛር በሚታይበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር ይህ ነጥብ ለሐኪሙ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ ነው።

አራተኛ፦ በሲትሩሊን ላይ የሚነሡ ፀረ እንግዳ አካላት

እ.ኤ.አ. በ1964 ኔዘርላንዳውያን ተመራማሪዎች ኒንሃውስ እና ማንደማ ከሰው ጉንጭ ውስጥ በተወሰዱ ሕዋሳት ላይ የሩማቶይድ አርትራይተስ በሽተኞችን ሴረም ጨምረው ሲመለከቱ፣ በኒውክለሱ ዙሪያ የሚጣበቅ ፀረ እንግዳ አካል አገኙ። በምን ላይ እንደሚጣበቅ ግን ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል አልታወቀም። እንቆቅልሹ የተፈታው እ.ኤ.አ. በ1998 በኔይሜኸን ዩኒቨርሲቲ የቫን ቬንሮይ ቡድን ዒላማው ሲትሩሊን የተባለ አሚኖ አሲድ መሆኑን ባሳየ ጊዜ ነው።

ሲትሩሊን ስሙን ያገኘው ከሐብሐብ የላቲን ስም ነው። ፕሮቲን ሲገነባ በዘረ መል ትእዛዝ ከሚደረደሩት አሚኖ አሲዶች መካከል አይቆጠርም። የሚፈጠረው ፕሮቲኑ ተሠርቶ ካበቃ በኋላ ነው፤ አንድ ኤንዛይም አርጅኒን የተባለውን አሚኖ አሲድ ወደ ሲትሩሊን ይለውጠዋል። በዚህ ጊዜ አርጅኒን የነበረው ፖዘቲቭ ሙል ስለሚጠፋ የፕሮቲኑ ቅርጽ ሊለወጥ ይችላል። ለውጡ በማንኛውም ሰው ሰውነት ውስጥ የሚካሄድ ነው። በአንዳንድ ሰዎች ላይ ግን የመከላከያው ሥርዓት የተለወጠውን ፕሮቲን እንደ ባዕድ ይቆጥረዋል። የተወሰነ የዘረ መል ዓይነት ያላቸው ሰዎች ለዚህ ይበልጥ የተጋለጡ ሲሆኑ፣ ሲጋራ ማጨስ ሲጨመርበት አደጋው በእጅጉ እንደሚያድግ ላርስ ክላሬስኩግና ባልደረቦቹ በስዊድን እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል። ጭሱ በሳንባ ውስጥ የሲትሩሊንን መፈጠር ያባብሳልና።

ለምርመራው ሲትሩሊን የያዘ ቀለበት መሰል ሰው ሠራሽ የፕሮቲን ቁራጭ ተዘጋጅቷል። ምርመራው በአጭሩ «ፀረ ሲ.ሲ.ፒ.» የሚባለውም ከዚህ የተነሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ የታተመ ትንተና እንደሚለው፣ ፀረ ሲ.ሲ.ፒ. ከ100 በሽተኞች 67ቱን ያገኛል፤ በሽታው ከሌለባቸው 100 ሰዎች ደግሞ 95ቱን በትክክል «የለባቸውም» ይላል። ለሩማቶይድ ፋክተር ተመሳሳዮቹ ቁጥሮች 69 እና 85 ናቸው። ሁለቱ ምርመራዎች በሽተኛን በማግኘት ረገድ እኩል ሊባሉ ይችላሉ፤ ትልቁ ልዩነታቸው በሽታው የሌለበትን ሰው ነጻ በማውጣት ላይ ነው።

ጥቂት ሒሳብ

እነዚህን ቁጥሮች ይዘን እንቁጠር። ከሕዝብ መካከል በዘፈቀደ 1,000 ሰዎች ተመርጠው ሁሉም ሩማቶይድ ፋክተር ቢመረመሩና ከመካከላቸው 10ሩ ብቻ በሽታው ያለባቸው ቢሆኑ፣ ምርመራው ከ10ሩ 7ቱን ያገኛል። ከቀሩት 990 ሰዎች ግን ከመቶ 15 የሚሆኑት፣ ማለትም 149 ያህሉ፣ በሽታው ሳይኖርባቸው ፖዘቲቭ ይሆናሉ። ከ156 ፖዘቲቭ ውጤቶች ውስጥ እውነተኞቹ 7 ብቻ ናቸው፤ ከመቶ 5 እንኳ አይሞሉም።

አሁን ደግሞ መገጣጠሚያቸው ያበጠ 1,000 ሰዎች ወደ ሐኪም ቀረቡ እንበል፤ ከእነርሱም 300ው በሽታው አለባቸው። ያው ምርመራ 207 በሽተኞችን ያገኛል፤ በ105 ሰዎች ላይ ደግሞ በስሕተት ፖዘቲቭ ይላል። ከ312 ፖዘቲቭ ውጤቶች 207ቱ፣ ማለትም ከመቶ 66ቱ፣ እውነተኞች ሆኑ። ፀረ ሲ.ሲ.ፒ. ቢሆን 201 እውነተኛና 35 ሐሰተኛ ፖዘቲቭ ስለሚኖር እውነተኞቹ ከመቶ 85 ይደርሳሉ።

ምርመራው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የተመረመረው ሰው ነው። ከዚህ የምንረዳው አንድ ቁጥር ትርጉም የሚያገኘው ከምርመራው በፊት ከተነሣው ጥርጣሬ ጋር መሆኑን ነው። ጥያቄው በሌለበት መልሱ ብቻውን ምንም አይደለም። እንዲሁም በሁለተኛው ስሌት ሩማቶይድ ፋክተር ከ300ው በሽተኞች 93ቱን እንደሚያልፋቸው አንዘንጋ። በመግቢያችን ያነሣናት ልብስ ሰፊ ከእነዚህ አንዷ ልትሆን ትችላለች።

የአሜሪካና የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት የምደባ መስፈርትም ይህንኑ ያንጸባርቃል። መስፈርቱ ሥራ ላይ የሚውለው ቢያንስ አንድ ያበጠ መገጣጠሚያ ሲኖርና እብጠቱን የሚያስረዳ ሌላ በሽታ ሲታጣ ነው። ከ10 ነጥብ 6 ያገኘ ሰው በሽታው እንዳለበት ይመደባል። ለፀረ እንግዳ አካላቱ እስከ 3፣ ለጢስ ጠቋሚዎቹ 1 ነጥብ ይሰጣል። ደም ብቻውን ከ4 ነጥብ አያልፍም ማለት ነው። በተቃራኒው ትናንሾቹን ጨምሮ ከ10 በላይ መገጣጠሚያዎች ተይዘው ሕመሙ 6 ሳምንት የሞላው ሰው፣ ደሙ ምንም ባይናገር እንኳ 6 ነጥብ ይሞላል።

ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት

የደም ጠቋሚዎች ኃይል ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው ግን ምናልባት በሌላ በኩል ነው። በኔዘርላንድስ ደም ለጋሾች የነበሩና ከጊዜ በኋላ ሩማቶይድ አርትራይተስ የያዛቸው 79 ሰዎች፣ ጤነኞች ሳሉ የሰጡት ደም በማቀዝቀዣ ተቀምጦ ነበር። ያ ደም ተመርምሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ታተመ። ከ79ኙ 39ኙ ገና ምንም ሕመም ሳይሰማቸው ከሁለቱ ፀረ እንግዳ አካላት ቢያንስ አንዱ በደማቸው ውስጥ ተገኝቶ ነበር፤ የጊዜው መካከለኛ ዋጋም ከሕመሙ በፊት 4 ዓመት ተኩል ነበር። በሽታው በጣት ላይ ከመታየቱ ከዓመታት በፊት በደም ውስጥ ተጀምሯል ማለት ነው።

ታዲያ ያን ጊዜ በሽታውን ማስቆም ይቻል ይሆን? እ.ኤ.አ. በ2024 በእንግሊዝና በኔዘርላንድስ የተካሄደ ጥናት ውጤት ታተመ። በጥናቱ የተሳተፉት በፀረ እንግዳ አካላቱ ምርመራ ፖዘቲቭ የሆኑ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ያላቸው፣ ግን እብጠት ያልታየባቸው 213 ሰዎች ነበሩ። ከፊሎቹ ለአንድ ዓመት አባታሴፕት የተባለ መድኃኒት፣ ከፊሎቹ ደግሞ መድኃኒትነት የሌለው መርፌ ተሰጣቸው። በዓመቱ መጨረሻ ከመጀመሪያዎቹ ከመቶ 6፣ ከሁለተኛዎቹ ከመቶ 29 የሚሆኑት በሽታው ተገለጠባቸው። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ግን ቁጥሮቹ 25 እና 37 ሆኑ፤ መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ ልዩነቱ ጠበበ። በሽታውን ማዘግየት እንደሚቻል ታይቷል፤ ፈጽሞ ማስቀረት ግን ገና የምርምር ጥያቄ ነው። ደግሞም ፖዘቲቭ ከሆኑት ብዙዎቹ ምንም መድኃኒት ሳይወስዱ በጥናቱ ዘመን አልታመሙም።

ጢሱ ሲታፈን

በሽታው ከታወቀ በኋላ ሕክምናው የሚጀመረው በአብዛኛው በሳምንት አንድ ጊዜ በሚወሰደው ሜቶትሬክሴት ነው። ሐኪሙ የመድኃኒቱን ውጤት ለመከታተል 28 መገጣጠሚያዎችን ይዳስሳል፤ ያበጡትንና የሚያሙትን ይቆጥራል፤ በሽተኛው ስለ ጤናው የሚሰጠውን ግምትና ከሁለቱ የጢስ ጠቋሚዎች የአንዱን ቁጥር አክሎ አንድ ድምር ያወጣል። ከ2.6 በታች የሆነ ድምር በሽታው ጋብ ማለቱን፣ ከ5.1 በላይ የሆነ ደግሞ በኃይል መንደዱን ያመለክታል። ፀረ እንግዳ አካላቱን ለክትትል ደጋግሞ መለካት ግን ብዙ አይጠቅምም፤ በሽታው ሲበርድም በደም ውስጥ ሊቆዩ ይችላሉና።

በዚህ ክትትል ውስጥ አንድ አስተማሪ ወጥመድ አለ። ጃፓናዊው ታዳሚትሱ ኪሺሞቶና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1986 የኢንተርሉኪን 6ን ዘረ መል ለይተው አወጡ። ይህ ግኝት የኢንተርሉኪን 6ን መልእክት የሚያግድ ቶሲሊዙማብ የተባለ መድኃኒት እንዲሠራ መንገድ ጠረገ። መልእክቱ ሲታገድ ጉበት ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲንን ማምረት ከሞላ ጎደል ያቆማል። ስለዚህ ይህን መድኃኒት የሚወስድ በሽተኛ የሳንባ ምች እንኳ ቢይዘው ቁጥሩ ዝቅ እንዳለ ሊቀር ይችላል። እሳቱ ሳይጠፋ የጢሱ መውጫ ተደፍኗል። ጠቋሚው ከየት እንደሚመነጭ የማያውቅ ሰው «ቁጥሩ ጤናማ ነው» ብሎ በሽተኛውን ለአደጋ ሊያጋልጠው ይችላል።

ለንደን ውስጥ ማርክ ፌልድማን እና ራቪንደር ማይኒ እ.ኤ.አ. በ1992 በበሽተኞች ላይ መሞከር የጀመሩት ቲ.ኤን.ኤፍ.ን የሚያግድ ሕክምናም የራሱን ትምህርት ሰጥቷል። ሕክምናው የብዙዎችን መገጣጠሚያ ከጥፋት ታድጓል። ይሁን እንጂ ቲ.ኤን.ኤፍ. የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ አፍኖ ለመያዝ አስፈላጊ ስለ ሆነ፣ መድኃኒቱን በወሰዱ ሰዎች ላይ ተደብቆ የነበረ ነቀርሳ ሲቀሰቀስ ታየ፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2001 በይፋ ተዘገበ። ዛሬ ይህ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት የተደበቀ የሳንባ ነቀርሳ መኖር አለመኖሩ ይመረመራል።

ወደ ሁለቱ ወረቀቶች ስንመለስ

የወጣቷ ልብስ ሰፊ ወረቀት «ኔጌቲቭ» ቢልም ጣቶቿ አብጠዋል፤ የጧቱ ግትርነት ረጅም ነው፤ ሁለት ወርም ሞልቶታል። ስለዚህ ወረቀቷ ምርመራውን የሚዘጋ አይደለም። ፀረ ሲ.ሲ.ፒ.ና የጢስ ጠቋሚዎቹ ሊታዩላት፣ ከሁሉ በፊት ግን እጇ በሚያውቅ ሐኪም ሊዳሰስ ይገባል። ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ ወራት ከተጀመረ ጣቶቿን፣ ከጣቶቿም ጋር እንጀራዋን የማዳን ዕድሏ ሰፊ ነው። የአዛውንቱ ወረቀት «ፖዘቲቭ» ቢልም ያበጠ መገጣጠሚያ የለም። የጉልበታቸው ሕመም ከዕድሜ ጋር ከሚመጣው የልም አጥንት መሳሳት ሊሆን ይችላል። ፖዘቲቭነቱ ከዕድሜያቸው የመጣ ወይም ተደብቆ ከቆየ ኢንፌክሽን የተነሣ መሆኑን ማጣራት ይገባል እንጂ በወረቀቱ ብቻ መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ሊታዘዝላቸው አይገባም።

ወደ ፊት ሐኪም፣ ነርስ ወይም የቤተ ሙከራ ባለሙያ የምትሆኑ ተማሪዎች ይህን ብታስተውሉ መልካም ነው። የደም ጠቋሚ እንደ ምስክር ነው። ምስክር የሚናገረው ያየውን ብቻ ነው። ጉበት ያየው የብግነትን መልእክት ነው፤ ፀረ እንግዳ አካሉ ያየው የተለወጠን ፕሮቲን ነው። በሽተኛውን በሙሉ ያየ ምስክር ከመካከላቸው የለም። እርሱን ማየት የሰው ሥራ ነው።